በሁለቱ ሳጥኖች መሃል

የሠፈሩ ሰው እውነተኛ ስማቸውን ከረሳው ቆይቷል። ጋሽ ጆሮ ነው የሚላቸው። ስሙን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ማንም ያውጣው ግን አልተሳሳተም። ከሱቃቸው በር ላይ ቆመው ከመንገዱ ማዶ የሚጮህ ራዲዮ ሲሰሙ፣ «የዚያ ሰውዬ ስፒከር ወረቀቱ ተሰንጥቋል፤ ሳይብስበት ቢያመጣው ይሻለዋል» ይሉ ነበር። ሰውየው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቆይቶ ግን ዕቃውን ታቅፎ ይመጣል። ወረቀቱ ተሰንጥቆ ይገኛል።

ሙያው አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስፒከር ሁለት ሽቦ አለው፣ ፖዘቲቭና ነጌቲቭ። ጥንድ ስፒከር ሲገጠም የሁለቱም አገጣጠም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የአንደኛው ከተገላበጠ፣ አንዱ አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፤ ያን ጊዜ ቤዙ፣ ያ ደረት ውስጥ የሚገባው ጎርናና ድምፅ፣ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ዘፋኙ አለ፣ ዜማው አለ፣ ወፍራሙ ድምፅ ግን የለም። ሌላው ባለሙያ ይህን ለማወቅ የባትሪ ድንጋይ አምጥቶ የሽቦዎቹን ጫፍ ለቅጽበት ነካ ያደርግበታል። ከፊት ለፊት የሚርገበገበው ወረቀት ወደ ፊት ብቅ ካለ ፖዘቲቩ ተገኘ፤ ወደ ውስጥ ከገባ ተገላብጧል ማለት ነው።

ጋሽ ጆሮ ግን ለዚህ ሥራ ባትሪ ነክተው አያውቁም። አንዴ እንዲህ፣ አንዴ አገላብጠው ይገጥሙና ያዳምጣሉ፤ ሞላ ያለውን ይመርጣሉ፤ አለቀ። በጉብዝናቸው ወራት «ባትሪ ለደንቆሮ ነው» እያሉ በሙያ ጓደኞቻቸው ላይ ይስቁ ነበር።

ከዚያ ሴት ልጅ ወለዱ። ሕፃኗ ከተኛችበት አልጋ አጠገብ ትልልቅ ስፒከር ከፍተው ሲሞክሩ ጎረቤት በመስኮት ብቅ ብሎ ይራገማል፣ የሠፈሩ ውሻ ያላዝናል፣ እሷ እንቅልፏን ትለጥጣለች። ጋሽ ጆሮ ደስታቸው ወሰን አጣ። «የባለሙያ ልጅ እንዲህ ናት! ከእናቷ ሆድ ጀምራ ለምዳዋለች» እያሉ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ጉራቸውን ነዙ። ወራት እንዲህ አለፉ። እውነቱን አፍ አውጥተው የተናገሩት ታላቅ እኅታቸው እትዬ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣» አሏቸው። የጋሽ ጆሮ ፀጉር ዛሬ ሸብቶም እንዲሁ ነው የሚሏቸው። «ይቺ ልጅ ለምዳው አይደለም። አትሰማም።»

ያ ጆሮ እንደዚያ የከበደ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ሠፈር ደግሞ ከማዘኑ በፊት መቀለዱ አይቀርምና «የጋሽ ጆሮ ልጅ ጆሮ የላትም» ተባለ። የባትሪውን ቀልድ ግን ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው የሰማ የለም።

በሱቁ ውስጥ ባለቤታቸው ሳይመለስላቸው የቀሩ ሁለት ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮች ነበሩ፤ የድሮ ሥራ፣ አንዱን ለማንሳት ሁለት ሰው የሚጠይቁ። ልጅቷ ዳዴ ማለት እንደ ጀመረች አንድ ቀን ሄዳ ሆዷን አንደኛው ሳጥን ላይ ለጠፈች። የሙዚቃ ሸክላው እየዞረ ነበር። ቤዙ ሲመጣ ትስቃለች፣ ሲሄድ ዝም ትላለች። ጋሽ ጆሮ መርፌውን ከሸክላው ላይ አነሱት። ዝም አለች። መለሱት። ሳቀች። የያዙትን መፍቻ አስቀምጠው የሱቁን በር ዘጉና ተንሰቅስቀው አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ ሳጥኖቹ የሚሸጡ ዕቃዎች መሆናቸው ቀረ። ከሱቁ ጀርባ ያለውን ክፍል ሳንቃ አነጠፉበት፤ ሳጥኖቹን በግራና በቀኝ፣ በመሃላቸውም ግድግዳውን የተጠጋች በርጩማ አስቀመጡ። ከሁለቱም እኩል የሚርቀው ቦታ ላይ ቤዙ ይጠራቀማል። ልጅቷ መጀመሪያ ከትምህርት ቤት፣ በኋላም ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ እዚያ ትቀመጣለች፤ ጀርባዋን ለግድግዳው፣ እግሯን ለሳንቃው፣ መዳፎቿን ለበርጩማው ሰጥታ። ሸክላውን የሚመርጡት አባቷ ናቸው። እናቷ የሞተች ጊዜም ሊያጽናና የመጣው ሰው ሲሄድላቸው አባትና ልጅ እዚያው ክፍል ገብተው ነበር የሚቀመጡት። ምን እንደሚሰሙ የጠየቃቸው የለም።

ልጅቷ አድጋ የቤት ዕቃ የሚሠራበት እንጨት ቤት ተቀጠረች። ቀኑን ሙሉ የሚንዘረዘር ማለስለሻ ማሽን በሁለት እጇ ይዛ የጠረጴዛና የቁም ሳጥን ገጽ ታለሰልሳለች። እጇ ጎበዝ ነው፤ ዓይን የሚያልፈውን ጉብታ ጣቷ አያልፈውም። እዚያው የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ግን አሉ። ዕድሜያቸውን ከዚያ ማሽን ጋር ጨርሰው፣ ዛሬ ጣቶቻቸው ደንዝዘው፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ የምትቆልፍላቸው ሚስታቸው ናት። ጋሽ ጆሮ እኚህን ሰው አንድ ቀን በር ላይ አግኝተው ጨብጠዋቸዋል። እጃቸው ውስጥ የቀረው የዚያ ሰው እጅ ቅዝቃዜ ብዙ ጊዜ አልለቀቃቸውም።

እሳቸውም ቢሆኑ ለማንም ያልተናገሩት ነገር ነበራቸው። በቅርብ ወራት ክፍሉ ድንገት ይዞርባቸው ጀምሯል። የሥራ ጠረጴዛውን ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ሲያልፍ ጆሯቸው ጥጥ እንደ ተወተፈበት ሆኖ ይቆያል። ከዚያው ወዲህ ደግሞ ለጥገና የሚመጣው አምፕሊፋየር ሁሉ እምምም ማለት አበዛ። «መብራቱ ነው የተበላሸው፤ ዘንድሮ ኮንደንሰሩን ሁሉ በላው» እያሉ ያንን የውስጥ ዕቃ ይቀይራሉ። ደንበኛው ዝም ብሎ ይወስዳል።

ነገሩ የተነሳው የሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች ጠርዝ ሲረግፍ ነው። በወረቀቱ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ በዕድሜ ይበላል፤ ሲነኩት እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ጋሽ ጆሮ ሁለቱንም ፈቱ፣ የድሮውን ሙጫ ፋቁ፣ አዲስ ጠርዝ ለጠፉ። በአንደኛው ላይ ፖዘቲቩን የሚያመለክተው ቀይ ነጥብ ጠፍቷል። ይህ ለሳቸው ምናቸውም አይደለም። አንዴ እንዲህ፣ አንዴ አገላብጠው አዳመጡ። ሁለቱም ሞላ ያሉ መሰሏቸው፤ ትንሽ አመነቱና አንዱን መረጡ። በየዱት፣ ብሎኑን አጠበቁት።

አመሻሽ ላይ ልጅቷ መጣች። ሥራ ማለቁን በእጃቸው ነገሯት። ፊቷ በራ፤ ጫማዋን አሽቀንጥራ ጥላ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ጆሮ ሸክላውን አስጀመሩ።

ጠበቀች። ቆይታ የጨፈነችውን ዓይኗን ገለጠች።

«አብራው እንጂ፣» አለች በእጇ።

«በርቷል።»

ሸክላውን አየችው። ይዞራል። መዳፏን ከበርጩማው አንስታ ሳንቃው ላይ ለጠፈች። «የለም» አለች።

ጨመሩት። «አሁንስ?»

ተነስታ ሄዳ አንደኛውን ሳጥን ነካች። «ትንሽ አለ። ከሥራ ስወጣ እጄ ላይ የሚቀረው ንዝረት ዓይነት። እሱ ይሁን የማሽኔ ይሁን አላውቅም።»

ጋሽ ጆሮ ወደ ሳጥኑ ጠጋ ብለው አዳመጡ። በጆሯቸው ቤዙ ሙሉ ነበር፤ እምምም እያለ ክፍሉን ሞልቶታል። ሳጥኖቹ ደህና ከሆኑ የተበላሸው እጇ ነው። የዚህች ልጅ አንደበት ያለው እዚያ እጅ ላይ ነው፤ መተዳደሪያዋም እዚያው፣ ሙዚቃዋም እዚያው። ፈሩ። በሕይወታቸው እንደዚያን ዕለት ፈርተው አያውቁም።

እሷም ፈርታ ነበር። በማግስቱ በበሩ ክፍተት ሲያዩዋት፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን አንድ በአንድ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ ታደርጋለች። ሲገቡ መርፌውን ትራሷ ሥር ከተተችው። አብረዋቸው ለሚኖሩት ለእትዬ ነገሩ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ከዚያ ሥራ አስወጣታ!» አሉ እትዬ። «ምን ቆርጧት ነው ከማሽን ጋር ስትንዘረዘር የምትውለው? ኋላ እጇ እንደዚያ ሰውዬ ሲደርቅ በምን ልታናግረን ነው?»

«እትዬ፣ ተይኝ እስቲ። ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።»

ቀስ ብለው አልነገሯትም። ፍርሃት ሰውን ችኩል ያደርጋል። ገና ከሥራ እንደገባች በሩ ላይ ጠበቋት።

«ሥራውን ተዪው።»

«ለምን?»

«እጅሽ።»

«እጄ ደህና ነው። ሳጥኑ ነው የተበላሸው።»

«ሳጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አንተ አትሳሳትም?»

«እኔ እሰማለሁ» አሉ ጋሽ ጆሮ።

ያንን ቃል በእጃቸው እንደ ጨረሱት ልባቸው ድንግጥ አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከእጅ የወጣም ያው ነው። ዕድሜዋን ሙሉ «አንቺ አትሰሚም» ብለዋት አያውቁም ነበር። አሁንም ቃል በቃል አላሉም፤ ግን ከዚህ ሌላ ምን ማለት ነው? ልጅቷ ለቅጽበት አየቻቸው። ከዚያ ሁለት እጇን ኪሷ ከተተች። እሷ ዝም የምትለው እንደዚህ ነው። ጋሽ ጆሮ ይቅርታ ለመጠየቅ እጃቸውን ሲያነሱ ዓይኗንም ጨፈነችው፤ እሷን የሚያናግሩበት መንገድ ሁሉ ተዘጋ።

ቤቱ እንደዚያ ሆኖ ሰነበተ። በርጩማዋ ባዶ፣ ሸክላው ሽፋኑ ውስጥ። ጋሽ ጆሮ ሥራቸው ላይ አቀርቅረው «አምላኬ፣ ጥፋቱ ከኔ ይሁን፤ ከሷ አይሁን» ይላሉ። እንዴት ከሳቸው ሊሆን እንደሚችል ግን አይታያቸውም። ሰምተዋላ!

አንድ ቀን ጠዋት የሠፈሩ ባለ ሻይ ቤት አምፕሊፋየሩን በትከሻው ተሸክሞ መጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከወር በፊት ጠግነው የሰጡት ነው። ሰውየው እጆቹን አሻሸ።

«ጋሽ ጆሮ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልንገርዎት።»

«ተናገር፣ ምን ያሽኮረምምሃል?»

«እኔ ይሄን ዕቃ ያመጣሁት ቤዙ ሳስቶብኝ ነው። እርስዎ ደግሞ እምምም ይላል ብለው ኮንደንሰሩን ቀየሩት። ቤዙ ዛሬም እንደ ሳሳ ነው። እምምም የሚለውን ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔም ሚስቴም ሰምተነው አናውቅም።»

ጋሽ ጆሮ ተቆጡ። «ምን ነካህ አንተ? አሁን ራሱ እያለ አይደለም እንዴ? አትሰማም?»

ባለ ሻይ ቤቱ አምፕሊፋየሩን አየ፤ እሳቸውን አየ። ገመዱ ተጠቅልሎ ከላዩ ላይ ታስሯል።

«ጋሽ ጆሮ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «አልተሰካም እኮ።»

ጋሽ ጆሮ የታሰረውን ገመድ ዳሰሱት። ሰውየው የቀረውንም ተናገረ፤ ዕቃቸው ያልተስተካከለላቸው ሌሎችም አሉ፣ ሰው አክብሯቸው ፊት ለፊት አልነገራቸውም እንጂ ሲያወራ ከርሟል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። መንገዱ ሁሉ የሚያውቀውን እሳቸው ብቻ አልሰሙም ነበር።

ሰውየው ሲሄድ ጋሽ ጆሮ ተነስተው የቤቱን መብራት ከቆጣሪው አጠፉ። እምምም። ወደ መንገዱ ወጡ። እምምም አብሯቸው ወጣ። ሁለት ጆሯቸውን በጣታቸው ደፈኑ። ጭራሽ ባሰበት። ያን ጊዜ ገባቸው። ሳጥኖቹን ሲገጥሙ የሰሙት ሙላት ከሳጥኖቹ አልመጣም፤ ከገዛ ራሳቸው ውስጥ ነው የመጣው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

ለዚያ ጆሮ ማልቀስ ይገባቸው ነበር፤ ስማቸውም ሙያቸውም እሱ ነውና። ግን ልባቸው ውስጥ የተነሳው ሐዘን ሳይሆን ተስፋ ነበር። ቀጥሎ ተስፋውን ራሳቸው ገቱት። የእሳቸው ጆሮ መበላሸቱ የእሷን እጅ ደህና አያደርገውም። ሁለቱም ተበላሽተው ቢሆንስ? መሞከር አለበት፤ መሞከሪያው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ሱቁን ቢያገላብጡት አንድ የባትሪ ድንጋይ ጠፋ። ከእትዬ ግድግዳ ሰዓት ጀርባ ያለውን አወጡት።

«ሰዓቴን ገደልከው እኮ!» አሉ እትዬ።

«ይቆይ እትዬ። ለጊዜው ሰዓት አያስፈልገንም።»

ልጅቷ ከሥራ ስትገባ አባቷን ሳንቃው ላይ ተንበርክከው አገኘቻቸው። የሳጥኖቹ የፊት ጨርቅ ተነስቷል፤ ሽቦዎቹ ከአምፕሊፋየሩ ተነቅለዋል። እጇ ኪሷ ውስጥ ነው። ጋሽ ጆሮ «እባክሽ» አሏት፤ ደግመው «እባክሽ» አሉ። ቆማ ቆማ እጇን አወጣች። ዓይኗን እንድትጨፍን፣ በግራ እጇ ጣቶች የስፒከሩን ወረቀት ለስለስ አድርጋ እንድትነካ፣ በቀኟም የሚሰማትን እንድታሳይ ነገሯት፤ ወደ ፊት ከወጣ ወደ ፊት፣ ወደ ውስጥ ከገባ ወደ ኋላ። ጨፈነች።

የግራውን ሳጥን ሽቦዎች ባትሪው ላይ ነካ አደረጉ። ወረቀቱ ብቅ አለ፤ በዓይናቸው አዩት። እጇ ወደ ፊት ሄደ።

ሳይነኩ ቆዩ። እጇ አልተነቃነቀም።

ነኩ። ወደ ፊት። ሽቦውን አገላብጠው ነኩ። ወደ ኋላ። እንደገና ሳይነኩ ቆዩ፤ ዝም። ወደ ቀኙ ሳጥን ሄዱ፤ እሷንም በትከሻዋ ይዘው አዞሯት። ሲሠሩት ፖዘቲቭ ነው ያሉትን ሽቦ በባትሪው ፖዘቲቭ በኩል አድርገው ነኩ። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ገባ፤ ከአንድ ስንዴ ውፍረት የማይበልጥ እንቅስቃሴ ነው። የልጅቷ እጅ ወደ ኋላ ሄደ። ደጋገሙት። የእሳቸው ዓይንና የእሷ ጣት አንድም ጊዜ አልተለያዩም።

ዓይኗን ስትገልጥ አባቷ ባትሪውን ጨብጠው እየሳቁ ያለቅሳሉ።

«እጅሽ ደህና ነው» አሏት።

«ብዬህ ነበር እኮ!» አለች። ከዚያ ሳጥኖቹን እያፈራረቀች አየች። አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይስባል። «ተጣልተዋል። ማን ነው ያገላበጠው?»

ጋሽ ጆሮ ወደ ራሳቸው ጠቆሙ። ቀጥሎ ወደ ጆሯቸው ጠቆሙና መዳፋቸውን ገልብጠው ባዶነቱን አሳዩዋት።

የልጅቷ ፊት ተለወጠ። ይህ ሰው በባትሪ ሠርቶ እንደማያውቅ ታውቃለች። አሁን የነገሯት ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ለማን ልንገረው? አፍሬ ነው።» ጨመሩበት። «ያን ቀን ያልኩሽንም... እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

ፊታቸውን በሁለት እጇ ያዘች። ስትለቃቸው፣ «ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለች። «ያንተን ጆሮ ይዩት። የኔንም እጅ ይዩት፤ ጓንት ሳላደርግ ያንን ማሽን ሁለተኛ አልይዝም። እሺ?»

«እሺ።»

ሽቦውን አገላብጠው መልሰው በየዱት። ሸክላውን ከሽፋኑ አወጡ። ልጅቷ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች። ጋሽ ጆሮ መርፌውን ሲያሳርፉ የሰሙት ያንኑ ሲሰሙት የከረሙትን እምምም ነው፤ በላዩ ላይ ቀጭን ዜማ። ስለዚህ ማዳመጡን ተዉትና የልጃቸውን ፊት አዩ። መጀመሪያ የእግሯ ጣቶች ተሰበሰቡ። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ።

«አለ?» አሏት።

«አለ።»

ለረጅም ጊዜ አልተቀመጠችም። ተነሳችና አባቷን በክንዳቸው ይዛ በርጩማው ላይ አስቀመጠቻቸው። ተንበርክካ ጫማቸውን አወለቀችላቸው። ጋሽ ጆሮ እሷ ስታደርግ እንዳዩት መዳፋቸውን በርጩማው ላይ ዘረጉ። ራሷን ነቅንቃ እንቢ አለች፤ እጃቸውን አንስታ ጭናቸው ላይ አደረገችው።

«መዳፍ ለጀማሪ ነው» አለች፤ ደረታቸውን ገፍታም ጀርባቸውን ከግድግዳው ጋር አጣበቀችው።

ጠበቁ። በራሳቸው ውስጥ ያለው እምምም ሳያቋርጥ ይጮሃል፤ መጀመሪያ ከሱ የሚለይ ነገር አላገኙም። ቆይቶ ግን ከወገባቸው በላይ፣ በአጥንታቸው በኩል፣ አንድ ሌላ ነገር መጣ። መጣና ሄደ። እንደገና መጣ። ያኛው አይሄድም፤ ይሄኛው ይሄዳል፣ ተመልሶም ይመጣል። ጋሽ ጆሮ ሲመጣ ሳቁ፣ ሲሄድ ዝም አሉ፤ ሲመለስ ሳቁ። ልጃቸው ሸክላው አጠገብ ቆማ ታያቸዋለች።

ከጓዳ የእትዬ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን ነውና ይሄኛውን ጋሽ ጆሮ አጥርተው ሰሙት። «ኧረ ቀንሱት! ቤቱን ልታፈርሱት ነው እንዴ?»

ልጅቷ ራሳቸውን ወደ ጓዳው ሲያዞሩ አየች። «ምን አሉ?» ስትል በእጇ ጠየቀች።

ጋሽ ጆሮ እጃቸውን ከጭናቸው አነሱ። «ጨምሩት ነው የምትለው» አሉ።

ልጅቷ ጨመረችው።